ስልሳ አንድ የመንጋጋ ጥርስ

አባቴ ሥራውን ያጣው በስልሳ አንድ የአሳማ ጥርስ ነው። ጥርሶቹን የደባለቅኳቸው እኔ ነኝ። ስምንት ዓመቴ ነበርና በዚህ ማንም አይፈርድብኝም፤ እኔም በራሴ አልፈርድም። ያስባረረው ግን መደባለቁ አልነበረም። ከአራት ወር በኋላ ከአፌ የወጣ አንድ መልስ ነው። ያንን መልስ የሰጠሁት ደግሞ አባቴን ያዳንኩት መስሎኝ ነው።

አባቴ የሙዚየም ሠራተኛ ነበር። ሙዚየም ሲባል ሰው የሚያስበው ወለሉ የሚያብረቀርቅ አዳራሽ፣ መስታወት ውስጥ የቆመ አፅም ነው። እሱ የሚሠራው ከዚያ አዳራሽ በታች፣ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ክፍሉ ያለው አንድ ጠባብ መስኮት ነው፤ በመስኮቱ የሚታየውም የመንገደኛ እግር ብቻ ነው። ጠዋት የሚጣደፍ ጫማ፣ ከሰዓት የሚጎተት ጫማ። ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ አንገቱ የሚታጠፍ መብራት፣ ማጉያ መነጽር፣ የጀሶ ጆንያ፤ ከዚያ ከወለል እስከ ጣሪያ የብረት መደርደሪያ። መደርደሪያው ላይ ትሪ፣ ትሪው ላይ አጥንት።

ሥራው አጥንትን ከድንጋይ ማላቀቅ ነው። የጥርስ ሐኪም የሚይዘውን ዓይነት ቀጭን መርፌና የሥዕል ብሩሽ ይዞ አንድ ጥርስ ላይ ግማሽ ቀን ያጎነብሳል። ሰው ሥራውን ሲጠይቀው “አቧራ ጠራጊ ነኝ” ይላል፤ ከዚያ በላይ ማስረዳት ይታክተዋል።

እናቴ ልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራ ስለነበር፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የምውልበት አልነበረኝም። ስለዚህ ከአባቴ ጋር ምድር ቤት እወርዳለሁ። ሕጎቹ ሦስት ናቸው። አይሮጥም። ጠረጴዛ ላይ አይበላም። በር ሲዘጋ አይሰማም። ሦስተኛው ከሁሉም የጠነከረ ነበር፤ መደርደሪያዎቹ ከግድግዳው ጋር ስላልታሰሩ በሩ ከተወረወረ ትሪዎቹ ይዘላሉ፣ ሙጫው ያልደረቀ አጥንትም ይላቀቃል። አባቴ እጀታውን አስቀድሞ ይጠመዝዝና በሩን ገጥሞ የቁልፉን ምላስ በቀስታ ይለቀዋል። እኔንም እንደዚያ አስተማረኝ። እስከ ዛሬ በር መወርወር አልችልበትም፤ ስናደድ በጣም ይቸግረኛል።

ከድንጋይ የተላቀቀ አጥንት ሁሉ ቁጥር ይጻፍበታል። መጀመሪያ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ቀለም፤ ነጩ ሲደርቅ በቀጭን ብዕር ቁጥሩ፤ ቁጥሩ እንዳይለቅ ደግሞ በላዩ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም። አባቴ ሁልጊዜ የጥፍር ቀለም ይሸተኝ ነበር። ትምህርት ቤት “አባቴ የአሳማ ጥፍር ይቀባል” ብዬ አውርቼ እናቴ ተጠርታለች።

ቁጥሩ አጥንቱ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ይናገራል። የኛ አሳማዎች የመጡት ጎርፍ ከሸረሸረው አንድ ገደል ነው። የገደሉ ታች ቀይ ሸክላ፣ ላዩ ግራጫ አሸዋ ነው፤ ቀዩ ከግራጫው በብዙ መቶ ሺህ ዓመት ይቀድማል። ከየትኛው እንደመጣ የማይታወቅ አጥንት የቱንም ያህል ቢያምር ምንም አይናገርም። እንደነዚያ ያሉት ከታችኛው መደርደሪያ ሥር ባለ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይጣላሉ፤ አባቴና ባልደረቦቹ ሣጥኑን “ወላጅ አልባዎች” ይሉታል። እኔ አጥንቶቹ እናታቸው የሞተችባቸው ይመስለኝ ስለነበር ማንም ሳያየኝ እየከፈትኩ አይዟችሁ እላቸው ነበር።

የዚያን ዓመት እረፍት ጠረጴዛው ላይ የነበሩት የአሳማ የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሶች ናቸው። አንዳንዱ አጭርና ጉብታ ጉብታ ያለው፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ጣቴ የረዘመ።

“አባዬ፣ ይሄኛው ለምን ረዘመ?”

“ሣር ስለበላ።”

“ሣር ያስረዝማል እንዴ?”

“አያስረዝምም፣ ይጨርሳል እንጂ።” መርፌውን አላስቀመጠም፣ ቀናም አላለም። “ቅጠል ለስላሳ ነው። ሣር ግን ውስጡ እንደ መስታወት ብናኝ አለው፣ አፈርም ይይዛል፤ ጥርስ ይሞርዳል። ደኑ እየሳሳ ሣሩ ሲበዛ፣ ጥርሱ አጭር የሆነው አሳማ ሳያረጅ ድዱ ብቻ ይቀራል።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ይራባል። ጥርሱ ትንሽ የረዘመው ትንሽ ይሰነብታል፣ ትንሽ ብዙ ይወልዳል። ልጆቹም እሱን ይመስላሉ።”

“አጭሩስ የራሱን ጥርስ ለምን አያስረዝምም?”

“አንቺ ጉድ! በመፈለግ የሚበቅል ቢሆን እኔም ፀጉር ይኖረኝ ነበር።”

ራሱን አየሁት። እውነቱን ነው። ትንሽ አሰብኩና፣ “እንግዲያው አጭሮቹ የረጅሞቹ አያቶች ናቸው?” አልኩ።

“ብለሽ ያዢው።”

“ብለሽ ያዢው” ማለት “አይደለም፣ ግን ደክሞኛል” ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ነገሩ አያትና የልጅ ልጅ አይደለም። አጭሩና ረጅሙ ለብዙ ዘመን ጎን ለጎን ኖረዋል፤ አንዱ ወንዝ ዳር ያለው ዛፍ ሥር፣ ሌላው ከዛፉ ወጣ ብሎ ሣሩ ላይ። ያን ሁሉ ግን ለስምንት ዓመት ልጅ ማን ቁጭ ብሎ ያስረዳል?

አባቴ ደግሞ በእርግጥ ደክሞት ነበር። ከሱ ጋር ይሠሩ የነበሩት ሽማግሌ ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በቦታቸው ማንም አልተቀጠረም። ቁፋሮውን የምትመራው፣ ስለ አጥንቶቹም የምትጽፈው ዶክተሯ በየሳምንቱ ትወርድና በሩ ላይ ቆማ “ደረሰ?” ትላለች። ስለዚህ አባቴ አንድ ነገር ማሳለፍ ጀመረ። ጥርስ ባጸዳ ቁጥር መጻፉን ትቶ፣ ትሪው ውስጥ ካርድ ብቻ ያስቀምጣል፤ ቁጥሩን ሁሉም ሲያልቅ በአንድ ዓርብ ሊጽፈው ነበር። እስከዚያ ዓርብ ድረስ ጥርሶቹ አድራሻቸው ካርዱ ላይ እንጂ አካላቸው ላይ አልነበረም። ዶክተሯ ይህን ታውቃለች። አይታ ዝም ብላለች።

ጥርሶቹን የደባለቅኩበት ቀን የዋዜማው ሐሙስ ነበር።

ጎማ በሩ ላይ ብቅ አለ። ጎማ የመስክ መኪናው ሹፌር ነው፤ ወሬው ሁሉ ስለ ጎማ ስለሆነ በስሙ የሚጠራው የለም።

“ኢንስፔክተር፣ ሰላም ነው?” አለኝ፤ ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ፣ “ወንድሜ፣ ሃያ ሰባት ጆንያ ድንጋይ ይዤልህ መጥቻለሁ። ጀርባ ካለህ ውጣ።”

“ጀርባማ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የለኝም።”

“እንግዲያው የነበረበትን ቦታ ይዘህ ና።”

ወጡ። በሩ ሳይሰማ ተዘጋ። እኔ ከስድስት ትሪና ከስልሳ አንድ ጥርስ ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

ሦስቱ ትሪዎች የታችኛው ንብርብር፣ ሦስቱ የላይኛው ናቸው። አያቶች በአንድ ጠረጴዛ፣ የልጅ ልጆች በሌላ ጠረጴዛ። ነገሩ ግፍ ሆኖ ታየኝ። ይባስ ብሎ ከአያቶቹ ትሪ ውስጥ ረጃጅሞች፣ ከልጆቹም ትሪ ውስጥ አጭሮች ነበሩ፤ ዘመዳሞቹ የተጠፋፉ መሰለኝ። የቤተሰብ ፎቶ ላነሳቸው ወሰንኩ። ካርዶቹን ሰብስቤ እንደ መጫወቻ ካርታ ደረደርኳቸው። ጥርሶቹን ሁሉ አውጥቼ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ከአጭሩ እስከ ረጅሙ በመስመር አቆምኳቸው፤ ያልቆመውን ከጀሶው ቆንጥሬ ደገፍኩት። ቀዝቃዛና ከባድ ነበሩ፤ ጥርስ ሳይሆን ጠጠር የያዝኩ ይመስለኝ ነበር። ስጨርስ ሰልፉ ከመብራቱ እስከ መስኮቱ ደረሰ።

አባቴ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። አየ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ረጅም ጊዜ ጠረገው። ያኔ ስላማረው ደጋግሞ ሊያየው የፈለገ መስሎኝ ነበር።

“ካርዶቹስ?” አለ።

“ይኸው፣ አንድም አልጠፋም።” ኮርቼ ሰጠሁት።

በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ከመደርደሪያው ሥር ያለውን የእንጨት ሣጥን ተመለከተ። እኔም ተመለከትኩ። ዛሬ የሚያስበው ምን እንደነበር አውቃለሁ። ትክክለኛው ሥራ ስልሳ አንዱንም ወላጅ አልባዎቹ ጋር ጨምሮ፣ በአንድ ካርድ ላይ “ተደባልቀዋል” ብሎ መፈረም ነበር። ያ ማለት ደግሞ የአንድ ዓመት ቁፋሮ ገደል ገባ ማለት ነው፤ ጎማ የነዳው መንገድ፣ ዶክተሯ የለመነችው ገንዘብ፣ እሱ ያጎነበሰበት ስምንት ወር። አፈሩን አይቶ እንዳይለይ፣ ራሱ በመርፌ አጽድቶ ጨርሶታል። አፈር የቀረው ከጥርሶቹ ሥር ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ብቻ ነበር፤ እሷንም የሚያይ አልነበረም።

“በይ አቀብይኝ” አለ።

ጨዋታ ሆነ። እኔ ከሰልፉ አነሳለሁ፣ እሱ ትሪ ውስጥ ያስቀምጣል። አጭሩን ታችኛው፣ ረጅሙን ላይኛው።

“ይሄስ?”

“ታችኛው።”

“ይሄስ?”

መካከለኛ ቁመት ያላቸው ሲመጡ መዳፉ ላይ ያገላብጣቸዋል። “እ… ላይኛው ይሁን።”

“ልጁ ነው ወይስ አያቱ?”

“ዝም ብለሽ አቀብይ።”

ሲያልቅ ቁጥር መጻፊያውን አወጣና፣ ዓርብን ሳይጠብቅ ስልሳ አንዱም ላይ ጻፈ። የጥፍር ቀለሙ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ስንወጣ በሩን እንደ ልማዱ ዘጋና ጎንበስ ብሎ፣ “ይሄ የኔና ያንቺ ነው። ለማንም አትንገሪ፣ እሺ?” አለኝ።

አባቴ ከኔ ጋር ምስጢር ኖሮት አያውቅም ነበር። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የልደት ስጦታ የተሰጠኝ ያህል ይዤው ዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ጥሩ ጊዜ መጣ። ዶክተሯ ምድር ቤት ስትወርድ መሳቅ ጀመረች። አንድ ቀን ከረሜላ ሰጠችኝ። ጥርሶቹን አንድ በአንድ ለክታ፣ “ቁልጭ ያለ ነው! ታች ደን፣ ላይ ሣር። መሃል ላይ ምንም የለም!” ስትል ሰማኋት። አባቴ አጎንብሶ ድንጋይ ይቦረቡር ነበር። “ጥሩ ነው ዶክተር” አለ። ያልተደሰተው ከረሜላው ስላልደረሰው መሰለኝና ግማሹን ነክሼ አስቀመጥኩለት።

ዶክተሯ ጻፈችው። ደኑ ቀስ በቀስ ሳይሆን በአንድ ጊዜ እንደጠፋ፣ የደን አሳማውም አብሮት እንደጠፋ፣ ማስረጃው ስልሳ አንድ ጥርስ እንደሆነ። ጽሑፉ ወጣ።

ትምህርት ከተከፈተ በኋላ አንድ ቀን በግማሽ ቀን ተለቀቅንና ወደ ምድር ቤት ሄድኩ። አባቴና ጎማ ከደረጃው ሥር ሻይ ይዘው ቆመዋል። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

“ሴትዮዋ ሦስት ቀን አልወጣችም” አለ ጎማ። “በመርፌ የጥርሶቹን ሥር ሥሩን ትቆፍራለች። ምን አግኝታ ነው?”

“አሸዋ።”

“አሸዋማ እኔም ጫማዬ ውስጥ አለ።”

“የሷ አሸዋ ያለቦታው የተገኘ ነው።”

ጎማ አልሳቀም። “አንተ፣ ነገር አለ እንዴ?”

“አለ።” አባቴ ሻዩን ደረጃው ሥር ደፋውና እኔን አየኝ። “መጣሽ? ነይ ግቢ።”

እኔ የገባኝ ዶክተሯ አሸዋ እንደጠፋባትና አባቴን እንደጠረጠረችው ነው። አሸዋ የሚሰርቅ ሰው አለ እንዴ ብዬ ደሜ ፈላ።

ውስጥ ዶክተሯ ቆማ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ ጥርሶች፣ በየጥርሱ ፊት ነጭ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ቁንጣሪ አፈር።

“ይሄ ከታችኛው ትሪ ነው” አለች፣ አንዱን አጭር ጥርስ በጣቷ እየነካች። “ከሥሩ የወጣው ግራጫ አሸዋ ነው። ያኛው ከላይኛው ትሪ ነው። የወጣው ቀይ ሸክላ ነው። አሥራ አንዱም እንደዚያ ናቸው።”

አባቴ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ተመለከተ።

“ስህተት ቢሆን ኖሮ እኮ ወዲህም ወዲያም ይሳሳታል። ይሄ ግን አንድ ጊዜ እንኳን እኔ ወደማልፈልገው አልተሳሳተም። አጭር ሁሉ ታች፣ ረጅም ሁሉ ላይ። ማን ነው ያወጣቸው?”

“የመለስኳቸው እኔ ነኝ ዶክተር።”

“ማን መለሳቸው አላልኩህም። ማን አወጣቸው?”

አባቴ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ልጅቷ በእረፍት እዚህ ነበረች። ነክታቸው ከሆነ ንገረኝ። ትሪዎቹ ተነካክተዋል ብዬ እጽፋለሁ። አፍራለሁ፣ ያልቃል። አለበለዚያ ላይ ቤት ያሉት አለቆች የሚሉትን ታውቃለህ።”

ዶክተሯ ወደኔ ዞረች።

“አንቺ፣ ጥርሶቹን ከትሪያቸው አውጥተሽ ነበር? አልቆጣሽም።”

አባቴ ተመለከተኝ። ያ ዓይኑ ነው እስከ ዛሬ የሚመጣብኝ። ምስጢራችንን ጠብቂ ያለኝ መሰለኝ። ዶክተሯን ቀና ብዬ አየኋትና፣ “አላወጣሁም” አልኩ። አልበቃኝም። “አባዬ አትንኪ ስላለኝ ነክቼ አላውቅም። እርስዎ ራስዎ ነክተዋቸው ይሆናል።”

ልቤ በደስታ ይመታ ነበር።

ዶክተሯን ከዚያ በኋላ ያገኘኋት ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ነው። እሷ ታስተምራለች፣ እኔ ሥነ ምድር አጠናለሁ። ያን ቀን ስለ አንድ ገደል አስተማረች። ደንና ሣር ለብዙ ዘመን ተቀላቅለው እንደኖሩ፣ ሁለቱ ዓይነት አሳማዎች በቀዩም በግራጫውም ውስጥ እንደሚገኙ አስረዳች። “ለውጥ ወረፋ ጠብቆ አይገባም” አለች። “እኔ አንድ ጊዜ ወረፋ ይዞ አይቼው በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው።”

ቢሮዋ ሄድኩ። ሰላምታ እንኳን በቅጡ አልሰጠኋትም።

“አባቴን ያለጥፋቱ ነው ያባረሩት።”

አወቀችኝ። “ያለጥፋቱ አይደለም” አለች። “ግን እንደዚያ መውጣት አልነበረበትም። ልጅ የደባለቀው ጥርስ አደጋ ነው። ማንም ሳይደባልቀው ተመርጦ የተደረደረ ጥርስ ግን ማጭበርበር ነው። ለሁለተኛው ያለው ቅጣት አንድ ነው። እኔ መውጫ በር ከፍቼለት ነበር። ዘጋሽው።”

ከዚያ፣ “ነክተሽ ነበር?” አለች።

“አዎ።”

“ስንቱን?”

“ሁሉንም።”

አልተገረመችም። ከመሳቢያዋ ካርድ አውጥታ ጻፈችበት። “አፈር የቀረባቸውን በአፈራቸው መልሻቸዋለሁ። ሌሎቹን በወሬ ማስቀመጥ አልቻልኩም፣ ወላጅ አልባዎቹ ጋር ናቸው። ይሄን ከነሱ ጋር አስቀምጠዋለሁ።” ቀኑን ጽፋ ፈረመች። ብዕሩን ወደኔ ገፋች፤ እኔም ፈረምኩ።

እኔ ዛሬ የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ እሠራለሁ። መሰርሰሪያው ከሚያወጣው አፈር በየሁለት ሜትሩ ናሙና እይዛለሁ፤ ከረጢቱ ላይ ቁጥር ሳልጽፍ ጉሮሮዬን ውሃ አላርሰውም። ሠራተኞቹ አስቸጋሪ ነች ይሉኛል።

አባቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ቤት ተቀጥሮ አረጀ። ጀሶውን ያውቀዋል፣ መርፌውን ያውቀዋል፤ ጥርሶቹም የሚመጡት አንድ በአንድ ከነባለቤታቸው ነው። ባለፈው ዓመት ፊት ለፊት ጠየቅሁት።

“ያን ቀን ለምን አልተናገርክም?”

“ልጄ ዋሽታለች ልበላት?”

“አዎ! ዋሽቼ ነበራ!”

“ደክሞኝ ነበር” አለ። “ሦስት ዓመት የሁለት ሰው ሥራ ሠርቻለሁ። ከዚያች ሐሙስ ጀምሮ ደግሞ እንቅልፍ አልነበረኝም። ዶክተሯ ሂድ ስትለኝ፣ እናትሽ እንዳትሰማ እንጂ፣ ትንሽ ቀለል ብሎኛል።”

“ያኔ ያየኸኝስ? እንድናገር ነው፣ እንዳልናገር?”

አሰበ። ከልቡ አሰበ።

“የጫማሽ ማሰሪያ ተፈቶ ነበር መሰለኝ” አለ።

ስንት ዓመት ተሸክሜው የኖርኩትን ዓይን በዚህ ሸኘው። ተናድጄ ተነስቼ ወጣሁ፤ ከዚያ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ያን ቀን ምድር ቤት ውስጥ፣ እኔ አላወጣሁም ካልኩ በኋላ፣ ዶክተሯ አባቴን ለረጅም ጊዜ አየችው።

“ሰማሃት?”

“ሰማሁ።”

“እንግዲያውስ?”

“ልጅቷ ያለችው ነው” አለ።

ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔ ያሸነፍናት መሰለኝ። አባቴ የሥራ ካፖርቱን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። መርፌዎቹን በቁመታቸው ደርድሮ በጨርቅ ጠቀለላቸው። የጥፍር ቀለሙን ክዳን አጥብቆ ከመብራቱ ሥር አስቀመጠው። መብራቱን አጠፋ። “ቦርሳሽን ይዘሽ ተከተይኝ” አለኝ እኔን ሳያይ፤ ቀድሞ ሄደ።

ትልቅ ሰው ሲናደድ በር እንደሚወረውር አውቅ ነበር። ዶክተሯ እንድትደነግጥልኝ ፈልጌ ቦርሳዬን እንዳቀፍኩ ጠበቅሁ። አባቴ ወጣ። እጀታውን አስቀድሞ ጠመዘዘ፣ በሩን ገጠመ፣ የቁልፉን ምላስ በቀስታ ለቀቀው። መደርደሪያው ላይ አንድም ትሪ አልተንቀሳቀሰም።